እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ያስተማርኩበት ዘመን

በልደታና በጌጃ ሰፈር የስፌት መኪና አዋቂ ማን እንደነበረ የዚያን ጊዜ ሰው በሕይወት ካገኛችሁ ጠይቁ፤ እኔን ይጠራላችኋል። ማንም አላስተማረኝም። ፊደልን ከሱቅ ሰሌዳና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ራሴን አስተማርኩ። በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያችን ሲደርስ ወረፋ ይዤ፣ አንብብ የተባልኩትን ሳልንተባተብ አንብቤ ምስክር ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። መካኒክነቱንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ዝገት የበላው አንድ የእግር መኪና ከቆራሌው ላይ ገዝቼ ፈታሁት፤ ገጠምኩት፤ እንቢ ሲለኝ እንደገና ፈታሁት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ከበር ላይ ሰምቼ ሕመሙን የማልናገርለት መኪና አልነበረም።

መኩራራት ነው ካላችሁ ይሁን፤ በላቤ ያገኘሁት ኩራት ነው። ግን የሕይወቴን ነገር ሳወራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እደርስና ቆም እላለሁ። ከዚያ በፊት የነበረው እኔና ከዚያ ወዲህ ያለው እኔ አንድ ሰው አይደለንም። በመካከላችን ያሉት ሴቶች ናቸው። ሚስት አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ጎልምሼ ካበቃሁ በኋላ እንደገና ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከልደታ ማርያም ወደ ጌጃ ሰፈር ስትወርዱ ከባለቤቱ የተወረሰ አንድ ባለ ፎቅ ቤት ነበር። የምድር ቤቱን ሰፊ ክፍል ቀበሌው ለሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሴቶች ሰጣቸው፤ ሁሉም ሰው አዳራሹ ይለዋል። ጨርቅም ክርም የሚታደለው በማኅበር ለተደራጀ ብቻ ስለነበር፣ ቀድሞ በየበረንዳዋ ተቀምጣ የምትሰፋ ሴት ሁሉ መኪናዋን አሸክማ ወደ አዳራሹ ገባች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል አንሶላ፣ የሠራተኛ ቱታ ይሰፋሉ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ዝናብ የማይገባበት ክፍል ነው። በረንዳ ላይ ለኖረች ሰፊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በረንዳ ላይ የሰፋች ታውቃለች።

አዳራሹ ግን የሰፊዎቹ ብቻ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስፌት ይቆምና በራሳቸው ሥራ የሚያድሩ ሌሎች ሴቶች ይመጣሉ። ፍርድ ቤት የምትሠራ ታይፒስት ነበረች። ጸጉር ቤት ያላት ነበረች። ቅቤና በርበሬ የምትነግድ የጉራጌ ሴት ነበረች። የትኛው ሱቅ ቁልፍና ዚፕ እንደገባ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊያሰፋ እንዳሰበ፣ የትኛውን ሹም ጠዋት እንጂ ከምሳ በኋላ ማነጋገር እንደማይጠቅም እዚያ ይነገራል። ታይፒስቷ የሌሎቹን ማመልከቻ ታሳምራለች፤ ነጋዴዋ የመርካቶን ወሬ ታመጣለች፤ ባለጸጉር ቤቷ የሹማምንቱን ሚስቶች ራስ ስለምትሠራ የማትሰማው የለም። አንዷ ያገኘችው በር ለሌላዋም ይከፈታል። ዛሬ ልጆቼ ይህን ኔትወርክ ይሉታል፤ በሆቴል አዳራሽ ስልጠና ይሰጥበታል አሉ። ያኔ ስም አልነበረውም። «ቅዳሜ ትመጫለሽ?» ነበር የሚባለው፤ ቅዳሜ ማለት እሱ ነበር።

እኔ በመጀመሪያ ወደዚያ የምገባው መኪና ሲበላሽ ብቻ ነው። ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬንና የዘይት ጠርሙሴን ይዤ እገባለሁ፤ ለሴቶቹ ጀርባዬን እሰጣለሁ፤ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፣ እወጣለሁ። ጀርባዬን የምሰጠው አውቄ ነበር። ብቻዬን ጨለማ ውስጥ ዳብሼ ያገኘሁትን ለምን በብርሃን ላሳይ? በዚያን ጊዜ የእጅ ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነበር። አባት እንኳ የመጨረሻዋን ብልሃት ለልጁ ሳይነግር ይሞት ነበር።

ከዚያ ቀበሌው ለብቻው የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ማኅበር ይግባ አለ። የወንዶቹ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ወዲያው ጠራኝ። ሊቀመንበራቸውን አልወደውም ነበር፤ በዕድሜ ሳይበልጠኝ «ልጄ» ይለኛል። ይህን የሰማች የሴቶቹ ሊቀመንበር ሱቄ ድረስ መጣች። አጠር ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የምትሄድ፣ ጨርቅ በመቁረጥ በልደታ አምሳያ ያልነበራት ሴት ናት። እሷ ግን በዕድሜም ትበልጠኝ ስለነበር እትዬ እላታለሁ። እኛ ጋ ግባ አለችኝ። ከሴቶች መካከል ተቀምጬ ምን ልሠራ ብላት፣ ሥራህን አለችኝ። ደንባችን ግን አንድ ነው፤ አባል የሆነ ሰው የሚያውቀውን ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራል አለች። እሺ አልኳት። ማስተማር ማለት ሰው ፊት መሥራት መስሎኝ ነበር፤ ፈጠን አድርጌ ከሠራሁት ማን ይከተለኛል ብዬ አስቤአለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወንበር ሰጡኝና ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ አንድ የእግር መኪና አለ። መኪናው ላይ ከሰፊዎቹ ሁሉ ዝምተኛ የሆነችው ጥልፍ ሠሪ ተቀምጣለች፤ ባሏ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ዝቅ አድርጋ የምታስር ሙስሊም ወጣት። ሌሎቹ ከበውናል። ካቻቢቴዬን ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ሊቀመንበሯ፣

«እጅህን ጭንህ ሥር አድርግ» አለችኝ።

የቀለደች መሰለኝ፤ ነገር ግን ማንም አልሳቀም። እጅን ጭን ሥር የማድረጉ ደንብ የመጣው በራሷ በሊቀመንበሯ ምክንያት ነው። እጇ ፈጣን ስለሆነ ኮሌታ ስታስተምር ትዕግሥት ታጣና ጨርቁን ከተማሪዋ ነጥቃ ራሷ ትጨርሰዋለች። ተማሪዋ የሚያምር ኮሌታ ይዛ ትሄዳለች፤ ኮሌታ መሥራት ግን እንዳላወቀች ትቀራለች። አንድ ቀን ይህን ነገር ራሷ ታዘበችና እጇ ላይ ተቀመጠችበት። ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ የሚያስተምር ሁሉ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ፣ በአፉ ብቻ ነበር የሚያስተምረው።

«እኔ እጅ እንጂ አፍ የለኝም፣ እትዬ» አልኳት።

«እንግዲያው ዛሬ ታበቅላለህ» አለች ታይፒስቷ። ያን ጊዜ ሳቁ።

እጄን ጭኔ ሥር አደረግሁ። በዚያ ሰፈር ከእኔ በላይ አዋቂ አልነበረም ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ጣቶቼ ውስጥ ነበር ያለው፤ ጣቶቼ ሲታሰሩ እሱም አብሮ ታሰረ። ጥልፍ ሠሪዋ የክር ማጥበቂያዋን ብሎን ይዛ፣ ጋሼ፣ ምን ያህል ላጥብቃት አለችኝ። ትንሽ አልኳት። ትንሽ ስንት ነው አለችኝ። ትንሽ ነዋ፣ እስኪበቃት አልኩ። እንደበቃት በምን አውቃለሁ አለች። እየተሳለቀችብኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት በየቀኑ ያደረግኩትን ነገር የምናገርበት አንድ ቃል አጣሁ። ላብ አላበኝ። ያን ቀን ምንም ሳላስተምር ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን የማልችለው ነገር አለ መባልን አልወድም። በሳምንቱ ውስጥ የራሴን መኪና ፊቴ አስቀምጬ፣ እጄ የሚያደርገውን ሁሉ አፌ እየተከተለ እንዲናገር አደረግኩ። ሚስቴ ከጓዳ ሰምታ፣ አሁን ደግሞ ከመኪና ጋር ማውራት ጀመርክ፣ መልስ ሲሰጥህ ጥራኝ አለች። እንዲህ ስለፈልፍ ነው ያላሰብኩትን ያገኘሁት። ብሎን ከማጥበቄ በፊት ሁልጊዜ መዘውሩን በመዳፌ ወደ ኋላ ቀስ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ይህን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ድምፅ ሳዳምጥ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ይህንንም አላውቅም ነበር። መርፌዋ ወርዳ ልትመለስ ስትል ክሩ ከበስተጀርባዋ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ከሥር ያለው መንጠቆ ያችን ቀለበት በሰዓቷ ካልያዛት ስፌቱ ይዘላል። ይህን ጣቴ ያውቀው ነበር፤ እኔ ያወቅኩት ግን ያን ሳምንት ነው። የገዛ ሥራዬን ሁለተኛ ጊዜ ተማርኩ። ሰው ያለ አስተማሪ መማር እንደሚችል ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ሰው ያለ ተማሪ ያወቀውን አሟልቶ እንደማያውቅ ግን ያሳዩኝ እነሱ ናቸው።

የጎደለኝን ቃልም እነሱ ሰጡኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ክሩ መጥበቅና መላላት እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ስንተባተብ፣ ባለጸጉር ቤቷ ሰምታ ሰምታ፣ እንዲህ ማለትህ ነው ወይ አለችኝ፤ የልጅ ጸጉር ስጎነጉን ካጠበቅኩት ታለቅሳለች፣ ካላላሁት ደግሞ ቤቷ ሳትደርስ ይፈታል። ከዚህ የተሻለ የክር ማጥበቂያ ትምህርት እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ጥልፍ ሠሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ብሎኑን አዞረችው፤ ልክ መጣ። ቅቤ ነጋዴዋ ደግሞ ዘይት መቼ እንደሚበዛ በራሷ ንግድ መስላ ተናገረችው። ዕውቀቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ቋንቋው ግን ከእነሱ ነው የመጣው። እንዲህ እያልን ክረምቱም በጋውም አለፈ፤ ጥልፍ ሠሪዋ ከሁሉም ቀደመች። ጥሩ እጅ ነበራት፤ ከእጇ ይልቅ ግን ጥያቄዋ ነበር ጥሩው።

በዚህ መካከል ነው ክፉው ወሬ የመጣው። ያመጣችው ባለጸጉር ቤቷ ናት። የኤሌክትሪክ የስፌት መኪኖች ሊታደሉ ነው፤ በእኛ ቀበሌ የሚደርሳቸው አንድ ማኅበር ብቻ ነው፤ የወንዶቹ ማኅበር መኪኖቹን ከነአዳራሹ ጠይቋል አለችን። ምክንያታቸው ሴቶቹ መኪና መስፋት እንጂ መያዝ አይችሉም፣ ያለ ወንድ መካኒክ አንድ ቀን አያድሩም የሚል ነው። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ በይፋ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ይመጣል፤ መኪናውን በራሱ አባላት መጠገን እንደሚችል ያላሳየ ማኅበር አዳራሹን ለሚችል ይለቃል ተባለ።

ሴቶቹ ወደየበረንዳቸው ሊመለሱ ነበር ማለት ነው። ቅዳሜም አይኖርም።

እኔም አባል ነኝ፣ እኔው እጠግናለሁ ብዬ ተነሳሁ። ታይፒስቷ፣ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፣ አንተ ከተነሳህ ክሳቸው እውነት ሆነ አለችኝ። ሊቀመንበሯ በዚያ ቀን መኪና ፊት የምትቀርበው ጥልፍ ሠሪዋ እንደሆነች ወሰነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ እንደ አባል ትገኛለህ፤ እንደ አስተማሪ ትቀመጣለህ። ከተነሳህ ግን አዳራሹ ሄደ» አለችኝ። የት እንደምቀመጥና እጄ የት እንደሚሆን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ኮሚቴው የመጣው በሚያዝያ ማለቂያ፣ በሚያካፋ ጠዋት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ መነጽር ያደረገ ዝግተኛ ባለሙያ፣ እነሱን ተከትሎ ደግሞ የወንዶቹ ማኅበር ሊቀመንበር ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። እኔ መስኮቱ ሥር፣ ከታይፒስቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ሥር አደረግሁ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ባለሙያው መኪናዎቻችሁን የሚጠግነው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። አባሎቻችን ናቸው አለች ሊቀመንበሯ። እንግዲያው እንይ አለ። የወንዶቹ ሊቀመንበር ከመኪና መኪና እየዞረ ብጣሽ ጨርቅ አስገብቶ ይሞክር ጀመር። ከሁሉ ያረጀችው መኪና ላይ ሲደርስ ስፌቱ ዘለለ። ጨርቁን አውጥቶ ለባለሙያው ሰጠውና፣ ጓድ፣ ይህችን ያድኑልንና እንይ አለ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ያች መኪና ትናንት ደህና ነበረች። ምን እንደነካት አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከተቀመጥኩበት ሰማሁ። የሚደነቃቀፍ፣ የታፈነ ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። መንጠቆው ዘግይቷል አልኩ በልቤ፤ የመንጠቆውን ብሎን ፈታ፣ በፀጉር ስፋት ወደ ፊት ገፋ፣ ከዚያ ጠበቅ ማድረግ፤ የተለኮሰ ሲጋራ ሳያልቅ የሚያልቅ ሥራ። ጣቶቼ ጭኔ ሥር ተላወሱ።

ጥልፍ ሠሪዋ ቀርባ ተቀመጠች። መጀመሪያ መርፌዋን አየች፤ አወጣችና በአዲስ ቀየረች። ሞከረችው፤ ዘለለ። ክሩን ፈትታ እንደገና አስገባች። አሁንም ዘለለ። ብሎኗን እንጂ መርፌዋን አይደለም ልላት አፌን ስከፍት ታይፒስቷ በጫማዋ ተረከዝ እግሬን ረገጠችው። አፌን ዘጋሁ። የወንዶቹ ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞሮ፣

«መካኒኩማ ቁጭ ብሎ ይታዘባል። እጁን ምን ነካው?» አለ።

«በርዶት ነው» አለች ሊቀመንበሯ፣ ቀና ሳትል።

የመስኮቱ ክፈፍ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ያኔ ያሰብኩትን ሁሉ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ብነሳ መኪናዋ ትድናለች፣ አዳራሹ ይሄዳል። ባልነሳ መኪናዋም አዳራሹም ይሄዳሉ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ያላሰብኩት ነገር ጥልፍ ሠሪዋ እኔ የማላውቀውን ልታውቅ እንደምትችል ነው።

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ መኪናዋን አልነካካችም። ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ጉንጯን የመኪናዋ ክንድ ላይ አስደገፈች፤ ሰው የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚለካው ዓይነት። መዘውሩን በመዳፏ ወደ ኋላ ቀስ አድርጋ መለሰችው። እሱን ከእኔ ነው የተማረችው። ጉንጭ ማስደገፉን ግን እኔ አላስተማርኳትም፤ እኔ የማዳምጠው በጆሮዬ ነው። ዓይኗን ጨፍና ደግማ መለሰችው። ከዚያ የሥሩን ክዳን ከፈተች፣ የጥልፍ መርፌዋን ከደረቷ ላይ ነቀለች፣ ከመንጠቆው ሥር ገብታ የሆነ ነገር መዘዝ አድርጋ አወጣች። ያወጣችውን ግራ እጇ ውስጥ ጨበጠችው። ጠብታ ዘይት ጣል አደረገች፣ ክዳኑን መለሰች፣ ጨርቁን አስገባችና ፔዳሉን ረገጠች።

ድምፅዋ ጸዳ። እኔ ከጨርቁ በፊት በድምፁ አወቅኩ።

ባለሙያው ጨርቁን ተቀበለ። በሁለት እጁ ወጠረው፣ ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን አየው፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ለወንዶቹ ሊቀመንበር ሰጠው። ምን ነበር የያዛት ብሎ ጠየቃት።

«ጉድፍ ነው፣ ጓድ» አለች።

ጉድፍን ጠዋት ጠዋት መጥረግ ጥሩ እንደሆነ መከራት፤ እሷም እሺ አለች። ሌሎቹንም መኪናዎች አየ፤ ሌሎች ሁለት ሴቶች ደግሞ መርፌና ቀበቶ ሲቀይሩ ቆሞ ተመለከተ። ሲወጡ የወንዶቹ ሊቀመንበር በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ልጄ፣ እጅህን አውጣው እንጂ፣ ሄድን አለኝ። አላወጣሁትም። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ደንዝዞ አልወጣም አለኝ ብል ይሻላል።

በሩ ሲዘጋ ጥልፍ ሠሪዋ ግራ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ የተጨማደደች፣ በዘይት የራሰች የወርቀዘቦ ክር ነበረች። ትንሽ ናት፤ ግን ትብለጨለጫለች።

ሴቶቹ ተያዩ። ያኔ ነው የነገሩኝ። ግንቦት ልደታ ደርሶ ነበር። የልደታ ማርያም ካህናት ለበዓሉ የሚለበስ ካባ የሚያሰፉበት ቦታ አጥተው በአንዲት ሰፊ በኩል ጠይቀዋቸው፣ ማኅበሩ ትናንት ከሥራ በኋላ በዚያች አሮጌ መኪና ካባውን ሰፍቷል። የወርቀዘቦውን ሥራ የሠራችው ሙስሊሟ ጥልፍ ሠሪ ናት፤ እንደ እሷ የሚችልበት ስላልነበረ ሌላ አላሰቡም። የቀበሌ ማኅበር ለቤተ ክርስቲያን ይሰፋል ቢባል ያን ጊዜ ለጠላቶቻቸው ጥሩ ክስ ነበር፤ ኮሚቴው ፊት ያን ክር ብታሳይ ኖሮ አዳራሹ በሌላ በኩል ይሄድ ነበር። ስለዚህ ጨበጠችው። ወርቀዘቦ ሲሰፋ እንደሚበጣጠስና ፍርፋሪው እንደሚራገፍ ታውቃለች፤ ጉንጯን ያስደገፈችው ፍርፋሪው የት ላይ እንደተሸጎጠ ለማወቅ ነው።

መንጠቆው አልዘገየም ነበር። ተነስቼ ብሎኑን ፈትቼ ቢሆን ደህና የነበረውን መንጠቆ አዛባለሁ፣ ክሩም ከሥሩ ይቀራል፣ መኪናዋም ያን ቀን አትድንም፤ ከነካቻቢቴዬ ኮሚቴው ፊት እቆም ነበር። ድምፁን በደንብ ሰምቻለሁ። የማላውቀው ትናንት መኪናዋ ላይ ማን ተቀምጣ ምን እንደሰፋች ነው። ያን ደግሞ ጆሮ አይሰማውም፤ ሰው ነው የሚነግረው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ። ቅር ብሎኝ ነበር።

ሊቀመንበሯ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስንት ዘመን ጀርባህን ሰጥተኸን ሠራህ» አለች። «ፊትህን ማዞርህን ያየነው ዛሬ ነው።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ሻይ ጠጣ እንደምትል አድርጋ ነው። ብዙ ሰው በሕይወቴ ውስጥ አመስግኖኛል፤ የዚያች ሴት ቃል ግን ምስጋናም ወቀሳም ሆኖ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። እኔ እውቀቴን ስደብቅ፣ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን ከእኔ እንደሚደብቁ አስቤ አላውቅም ነበር። ብቻዬን መማሬን እንደ ትልቅ ነገር ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ ትልቅ ነገርም ነው። ግን ብቻውን የተማረ ሰው የሚያውቀው አንድ ሰው ያየውን ያህል ነው። እነዚያ ሴቶች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ብዙ ሆነው ያያሉ።

አዳራሹ ከሴቶቹ ጋር ቀረ። የኤሌክትሪክ መኪኖቹም መጡ፤ ከተባለው ያነሱ ነበሩ፣ ግን መጡ። የወንዶቹ ማኅበር በኋላ መኪና ሲበላሽበት ለጥገና ወደ እኛ መላክ ጀመረ፤ ካፖርታሙ ሊቀመንበር ራሱ አንዱን አሸክሞ የመጣ ቀን ጥልፍ ሠሪዋ ነች የሠራችለት። እኔ ጭኔ ሥር እጄን አድርጌ አየሁ። ያን ቀን ማንም አላዘዘኝም፤ ማየቱ ደስ ስላለኝ ነው።

በግንቦት ልደታ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው መጡ፤ ጥልፍ ሠሪዋም ነጠላ ተከናንባ ከአጥሩ ውጭ ከቅቤ ነጋዴዋ ጋር ቆማ ነበር። ታቦቱ ሲወጣ ካህኑ በጥላው ሥር ካባውን ለብሶ ታየ። ፀሐይ ስትመታው የወርቀዘቦው ጠርዝ ቦግ አለ። ታይፒስቷ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ መካኒኩ፣ ክሩን አወቅከው ወይ አለችኝ። እንዴታ፣ በድምፁ አልኳት። ጥልፍ ሠሪዋ ሰምታ በነጠላዋ ጠርዝ አፏን ሸፈነች። ወደ ካባው ሳይሆን ወደ መሬት ነበር የምታየው፤ ትከሻዋ ግን ቀጥ ብሏል። ያን ቀን ከእኔ የባሰ የኮራ ሰው ልደታ ውስጥ ነበረ ቢባል አምናለሁ፤ እሷ ናት።

ያ አዳራሽ አሁን ሌላ ነገር ሆኗል። ሊቀመንበሯ አርፋለች፤ ታይፒስቷ ልጇ ዘንድ ትኖራለች፣ ስንገናኝ አሁንም እግሬን ትረግጠኛለች። እኔ አርጅቻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ዛሬም መኪና ሲያመጡልኝ ከመንካቴ በፊት፣ ይህች ላይ ማን ነበር የተቀመጠችው፣ ምንስ ስትሰፋ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ሽማግሌው ወሬ ይወዳል ይላሉ። ይበሉ። ከዚያ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር አስገብቼ መልሱን አዳምጣለሁ፤ መዘውሩን የማዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

በስፌት መኪና ነገር በሕይወቴ የተሳሳትኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ደግነቱ ያን ቀን እጄ ጭኔ ሥር ነበር።